ባልተሰማ ጉባኤ ስለ ጸደቀው የአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ዕድሳት

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ለአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ዕድሳት ኮሚቴ

አመልካች፦ የማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ ውሳኔ አንባቢ፣ በአሁኑ ጊዜ ጡረተኛ

ጉዳዩ፦ የአሮጌው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ምግብ ቤት እንዲሆን «በሙሉ ድምፅ» ጸድቋል የተባለው ውሳኔ ታግዶ፣ ሕዝቡ ዕቅዶቹን በጆሮው ሰምቶ እንደገና እንዲወስን ስለ መጠየቅ።

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬን በትሕትና ቃላት ጠቅልዬ ባቀርበው ለእርስዎም ለራሴም መዋሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ለሹመትዎ የሚገባውን አክብሮት ሳላጓድል፣ የተቆጣሁበትንም ነገር ሳልሸሽግ፣ ጉዳዩን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

1. በቅድሚያ አመልካቹ ማን እንደ ሆነ ለማስታወቅ ያህል፦ እኔ በዚሁ ማዘጋጃ ቤት እስከ ጡረታዬ ድረስ የውሳኔ አንባቢ ነበርሁ። የሥራ መደቡ ስለ ተሰረዘ በጽሕፈት ቤትዎ ያሉት ወጣቶች ምን እንደ ነበረ አያውቁም። አንዱማ «ዜና አንባቢ ነበሩ እንዴ አባባ? በየትኛው ቴሌቪዥን?» ሲል ጠይቆኛል። ሥራው እንዲህ ነበር። ምክር ቤቱ የሚመክርበትን ጉዳይ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በአዳራሹ መድረክ ቆሜ ለተሰበሰበው ሰው አነብባለሁ፤ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ወደ ሰገነቱ ወጥቼ በአደባባዩ ለቆመው አነብባለሁ። ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ነበር፤ የሚችለውም ቢሆን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቱን አንጋጥጦ የሚቆምበት ጊዜ አልነበረውም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ስለ ሆነ፣ አድማጩ ነገሩ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ የሚለውን ለማወቅ እስከ ዓረፍተ ነገሩ ዳርቻ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ያን ሰው በተዝረከረከ ዓረፍተ ነገር ማስጠበቅ ነውር ነው ብዬ ኖሬአለሁ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች ጠልተውኛል፤ አልተጸጸትሁም።

2. የነገሬ መሠረት የሚከተለው ነው። በዚያ አዳራሽ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ የተከበረ አንድ ደንብ ነበር። ጉዳዩ ተነብቦ ሲያበቃ አንባቢው ፊቱን ወደ መጨረሻው ረድፍ አዙሮ «የኋላ ወንበር!» ብሎ ይጣራል። ከበሩ አጠገብ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ የተቀመጡት፣ ተሸካሚው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ከሥራ ዘግይቶ የገባው፣ «ተሰማ!» ብለው ይመልሳሉ። ካልመለሱ እንደገና ይነበባል። ይህ ሳይባል ድምፅ አይሰጥም፤ ቢሰጥም አይቆጠርም። ቃሉ የድጋፍ ቃል እንዳይመስልዎ። «ተሰማ!» ብለው ሲያበቁ ያንኑ ሐሳብ ድምጥማጡን ያጠፉበትን ቀን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አባቶቻችን ይህን ደንብ ያበጁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የከተማችን ሰው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን አንድ ጉዳት አለበት። ያልሰማውን ነገር «ምን አልህ?» ብሎ መጠየቅ ተናጋሪውን ማሳፈር ይመስለዋል። ስለዚህ ፈገግ ብሎ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ይሉኝታ የሚያሸንፍ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ስንት ነገር በመነቅነቅ እንደ ጸደቀ እግዜር ይወቀው። መድኃኒቱ «ተሰማ» ነበር።

3. ሕንፃው መታደስ የለበትም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጣራው ያፈስሳል። የሰገነቱን ወለል ምስጥ በልቶታል። በክረምት መድረኩ ላይ የሚቀመጠው ባልዲ ከአንዳንድ የምክር ቤት አባላት ይልቅ ከጉባኤ የማይቀር ሆኗል። አሮጌ ነገር ሁሉ ቅርስ ነው አልልም፤ እኔም አሮጌ ነኝ፣ ማንም ቅርስ ብሎ አልመዘገበኝም። ይህን አንቀጽ ለባለቤቴ ሳነብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጣራ ጣራ ትላለህ፤ መጸዳጃ ቤቱንስ? ሴት እዚያ በገባች ቁጥር በር የሚይዝላት ዘበኛ የምታቆመው እስከ መቼ ነው? የደረጃውንም መደገፊያ ጻፍ!» ብላኛለች። አቤቱታ ውስጥ ስለ መጸዳጃ ቤት መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ እውነት ስለ ሆነ ጽፌአለሁ።

ኮሚቴው ያቀረባቸው ዕቅዶች ሦስት እንደ ሆኑ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሕንፃውን ጠግኖ አዳራሹን ለሕዝብ ጉባኤ እንደ ነበረ ማቆየት ነው። ሁለተኛው አዳራሹን ምግብ ቤትና የግብዣ ቦታ አድርጎ ማከራየት፣ ጉባኤውንም ከበስተጀርባው ወዳለው አዲስ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ማዛወር ነው። ሦስተኛው በአደባባዩ በኩል ያሉትን ክፍሎች ለሱቅ አከራይቶ አዳራሹን አለመንካት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ውሳኔው ከተሰጠበት ስብሰባ አይደለም። በማግሥቱ ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ፣ ሰው ለምኜ ነው።

4. ስብሰባው የተካሄደው በዚያው በአዳራሹ ውስጥ ነበር። ዋዜማውን ሥራ ተቋራጩ የሁለተኛውን ዕቅድ ናሙና ለሕዝብ ለማሳየት በሚል ግድግዳዎቹን በጨርቅ በተለበጠ ስፖንጅ ሸፈናቸው፤ ወለሉንም ወፍራም ምንጣፍ አለበሰው። የምግብ ቤት ሰሐንና ሹካ እንዳያስተጋባ ነው አሉ። ያ አዳራሽ የእንጨት ጣሪያውና ባዶ ግድግዳው ድምፅን ተቀባብለው እስከ በሩ እንዲያደርሱ ሆኖ የተሠራ ነው። በመድረኩ ላይ ሳል የያዘው ሰው ቢኖር የኋላ ወንበር «ይማርህ» ይለው ነበር። እነርሱ ያን ቤት አፉን በጥጥ ጠቀጠቁት። የድምፅ ማጉያዎቹም ሁለቱ ከመድረኩ ግርጌ፣ ፊታቸውን ወደ ፊተኛው ረድፍ የክብር እንግዶች ወንበር አዙረው ተተከሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ማይክሮፎኑን መታ መታ አድርገው «ይሰማል?» አሉ። የፊተኛው ረድፍ «ይሰማል!» አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ከመጨረሻው አግዳሚ የተቀመጥነው ያየነው ነገር ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ እጅ ሲወራጭ፣ በመጋረጃ ላይ የሚያምር ሥዕል ሲቀያየር ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። እኔ ይህን መነቅነቅ አውቀዋለሁ፤ ደሜ ፈላ።

ድምፅ የተሰጠበትም መንገድ የባሰ ነው። በኋላ እንደ ተረዳሁት ሰብሳቢው ሁለተኛውን ዕቅድ ጠቅሰው የጠየቁት «የሚቃወም እጁን ያውጣ» ብለው ነው። የሚደግፍ አልተጠየቀም፤ ድምፀ ተአቅቦም አልተጠየቀም። ጥያቄውን ያልሰማ ሰው ሁሉ እጁን ባለማውጣቱ ደጋፊ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። በቦታው አንቀላፍቶ የነበረ ሰው ቢኖር እርሱም ምግብ ቤት መርጧል።

በዚህ ጊዜ ብድግ ብዬ «የኋላ ወንበር አልሰማም!» ብዬ ጮኽሁ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ድምፅ ከሰገነቱ ሲወጣ ከአደባባዩ ማዶ ያለውን ጸጉር አስተካካይ ምላጩን ያስቆመው ነበር። በዚያ ቀን ግን ምንጣፉ ላይ ወድቆ ቀረ። ዞር ብሎ ያየኝ አስተናባሪው ብቻ ነው። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ፤ የአስተያየት ሰዓት አልፏል» አለኝ። ወዲያው ፊት ያሉት አጨበጨቡ፤ ኋላ ያሉትም አጨበጨቡ።

5. ስንወጣ ምን እንደ ወሰንን ሰዎችን ጠየቅሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሠሪው፣ «መጸዳጃ ቤቱ ሊሠራ ነው መሰለኝ፤ ደግ አደረጉ» አለኝ። ልብስ ሰፊዋ፣ «እኔስ ለታደለን የታሸገ ውሃ ምስጋና መስሎኝ ነው ያጨበጨብኩት» አለች። አንድ ተሸካሚ ደግሞ፣ «የፊተኞቹ ሲያጨበጭቡ እኛስ እጅ የለንም?» ብሎ ሥራውን ይዞ ሄደ። እንግዲህ ከአንድ አዳራሽ የወጡ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ወስነዋል፤ ምግብ ቤት ግን ከሦስቱ አንዱም አልወሰነም። በማግሥቱ እውነቱን ስነግረው ጫማ ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እንዴ! ታዲያ ነገ የውሃ መስመሬ ቢቋረጥ ማን ላይ ልጮህ ነው? አስተናጋጁ ላይ?» አለኝ።  ለዚህ እርስዎ መልስ ካለዎት ሱቁ ከማተሚያ ቤቱ አጠገብ ነው።

በቃለ ጉባኤው ግን «ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ብዙ፣ ማሰሪያው ነጠላ! በራሱ ውስጥ እንኳ መስማማት ያቃተው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ ከተማ መስማማት እንዲመሰክር ተደርጓል። ይህን በነገር ማሳመሪያነት ጠቀስሁት፤ ዋናው ነገር ግን የተጻፈው ቢታረምም ሐሰት መሆኑ ነው።

6. ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ ደንቡ መጣሱን አመለከትሁ። ጸሐፊው፣ «አባባ፣ ጠይቀናል'ኮ! ‹ይሰማል?› ተብሎ ‹ይሰማል› ተብሏል፤ በቪዲዮ አለ» አለኝ። የአባቶቻችንን ደንብ እንዲህ ነው የፈጸሙት። ገና ምንም ሳይነገር፣ ያውም ከማይክሮፎኑ ሥር የተቀመጠውን ሰው «ይሰማል?» ማለት፣ ገበታ ሳይቀርብ «ጠገብህ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ ነው። በደንቡ የሚጠየቀው ከንባቡ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀውም የኋላ ወንበር ነው። ፊት የሚቀመጥ ሰውማ ባይሰማም ሰምቻለሁ ይላል።

ደግሞም «ሕንፃው ራሱን መቻል አለበት» ተባልሁ። አዳራሽ ራሱን የሚችለው ሰው ሲገባበት ነው። ሊበላ የሚገባው ሰውና አቤት ሊል የሚገባው ሰው አንድ ናቸው ከተባለ፣ እኔ በሌላ አገር እንደ ኖርሁ ይቆጠርልኝ።

7. ይህ አንቀጽ የግል ጉዳይ ነው፤ ከአቤቱታ ሥርዓት ውጭ ነው የሚሉ ከሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ሊዘልለው ይችላል። እኔ ግን ልዘልለው አልቻልሁም።

ባለቤቴ በዚሁ ሕንፃ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የስልክ አገናኝ ነበረች። ሹሞቹን ሁሉ በድምፃቸው ታውቃቸዋለች፤ የትኛው «ስብሰባ ላይ ነኝ በይው» ሲላት በእርግጥ ስብሰባ ላይ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ትለይ ነበር። ከጡረታ በኋላ የዐይኗ ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስንሄድ ሻጩ ዋጋውን የሚነግረው ለእኔ ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ እርሷ ፊቱ ተቀምጣ «የት ላይ ነው የሚያማቸው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ስለ እርሷ እኔን የማይጠይቁበት አንድ ቦታ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነበር። በጉባኤ ቀን ብቻዋን ትሄዳለች። የማተሚያ ቤቱን ግድግዳ በግራ እጇ ይዛ፣ ከዚያ የብረት አጥሩን ተከትላ፣ ደረጃውን እግሯ ያውቀዋል፤ የኋላ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

አንድ ጊዜ በአጥሩ ጥግ ክዳኑ ከተነሣ ቦይ ውስጥ ገብታ ጉልበቷ ተላጠ። እኔ እንደ ልማዴ ማመልከቻ ልጽፍ ብዕር ሳነሣ «ተወው» አለችኝ። በጉባኤው ቀን ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ «የተከበራችሁ፣ እኔ ጉድጓዱን አላየሁትም። እናንተ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ታዲያ ማናችን ነን ዕውር?» አለች። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። በዚያው ሳምንት ቦዩ ተከደነ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ካነበብኋቸው ውሳኔዎች እንዲህ የፈጠነ አላስታውስም።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ሕንፃ ሲካሄድ እንደ ወትሮዋ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው መግቢያ ካርድ ጠይቋት፣ የለኝም ስትለው፣ «እማማ፣ እንዲህ ብቻዎን አይሆንም፤ ሰው ይዘው ይምጡ» ብሏታል። ልጁ ለደግ ብሎ እንደ ተናገረ እርሷም አልካደችም። ይሁን እንጂ «ሰው ይዘሽ ነይ አለኝ። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አለችኝ።

ነገሩን ለኮሚቴው ጸሐፊ ስነግረው ከልቡ አዘነ፤ «እናታችን አይቸገሩ፤ የጉባኤውን ቅጂ በስልካቸው እንልክላቸዋለን፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያዳምጡ» አለ። መልእክቱን ቤት ወስጄ ነገርኋት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል «ቅጂው ጥያቄ ይቀበላል?» አለች። ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣችም። ጉባኤ ቀን ሲደርስ «ዛሬ አይደለም እንዴ?» ብላት «ምን ልሠራ?» ትለኛለች።

ክቡር ከንቲባ፣ የቁጣዬ ምንጭ ይህ ነው። ሕንፃ ሲያፈስስ ይጠገናል። ይህ ግን በምን ይጠገናል?

8. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም እጠይቃለሁ።

ሀ) አዳራሹን ወደ ምግብ ቤትነት የመለወጡ ሥራ በሙሉ፣ የኋላ ወንበሩን መንቀል ጨምሮ፣ ዳግመኛ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እንዲታገድ።

ለ) ስፖንጁና ምንጣፉ ተነሥቶ፣ ሦስቱም ዕቅዶች በዚያው አዳራሽ ለዚያው ሕዝብ በቃል እንዲነበቡ፤ ከኋላ ወንበር «ተሰማ» ከተባለ በኋላ የሚደግፍም፣ የሚቃወምም፣ የሚታቀብም በየራሱ እንዲቆጠር። አንባቢ ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ደመወዝ አልፈልግም።

ሐ) ማንም የማይቃወማቸው ሥራዎች፣ ማለትም ጣራው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የደረጃው መደገፊያና የመጸዳጃ ቤቱ በር፣ የሕዝቡን ውሳኔ ሳይጠብቁ እንዲጀመሩ።

መ) እስከዚያ ድረስ ጉባኤው ወደ አሮጌው አዳራሽ ተመልሶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ያለ ካርድ እንዲካሄድ። ጣራው ያሰጋል ከተባለ በአደባባዩ ላይ ይሁን። ባልዲውን ለምደነዋል፤ ፀሐዩንም እንለምደዋለን።

ከሦስቱ ዕቅዶች የትኛውን እንደምደግፍ እዚህ አልጻፍሁም፤ በአዳራሹ ስጠየቅ እናገራለሁ። ሕዝቡ በጆሮው ሰምቶ ምግብ ቤቱን ከመረጠ፣ እያጉረመረምሁም ቢሆን እቀበላለሁ። ሳይሰማ መረጠ የተባለውን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልቀበልም፤ ጽሕፈት ቤትዎም ከእኔ ደብዳቤ አያርፍም።

የዚህ ማመልከቻ መልስ በወረቀት ብቻ እንዳይላክልኝ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ ከእኔ ይልቅ የሚመለከታት ሰው ወረቀት አይጠቅማትም። መልስ ሰጪው ባለሥልጣን ይጥራን፤ ሁለታችንም እንመጣለን፤ ፊት ለፊት ይንገረን።

ቁጣዬ ካልነካው ሰላምታ ጋር፣

የማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ ውሳኔ አንባቢ
(ፊርማ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማመልከቻውን ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለባለቤቴ አነበብሁላት። «የኔ ስም የታለ?» አለችኝ። ስለ አንቺ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌአለሁ ብላት፣ «ስለኔ መጻፍህና እኔ መጠየቄ አንድ ነው? ብዕሩን ስጠኝ» አለች። ጣቷን መሥመሩ ላይ ላኖርላት እጄን ስዘረጋ ገፍታ መለሰችው። ስለዚህ ሁለተኛው ፊርማ ከመሥመሩ ወጥቶ በእኔ ፊርማ ላይ አልፎ ሄዷል። በሥራ ዘመኔ ከዚህ ያነሰ ጉድለት ያለበትን ወረቀት «አስተካክለህ አምጣ» ብዬ እመልስ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎም እንዲሁ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ይህኛው ግን አይመለስም። ሌላ አይጻፍም። እንዳለ ይመዝገብልን።

የማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ ስልክ አገናኝ
(ፊርማ)